ይግባኝ ያልተባለበት ውሳኔ

ሰኞ

ጉሮሮ ጠራጊው ቤተ መዛግብት ገባ። ሰውየው ራሱ የገባው መቃብር ነው፤ ቤተ መዛግብት የገባው ወረቀቱ ነው። ጋዜጣው «የአንጋፋው ጠበቃ የግል ሰነዶች ለትውልድ ተላለፉ» ይላል፤ ከሥሩ ፎቶግራፍ፣ አርባ ካርቶን በመደዳ። ያ ሰው በዕድሜው አርባ ዓረፍተ ነገር ሳይሳሳት ጽፎ አያውቅም። ችሎት ሲቆም ግማሹን ሰዓት ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ግማሹን ደግሞ ስለ ጠረገበት ይቅርታ ሲጠይቅ ነበር የሚያሳልፈው። ዕድሜ ልካችንን ፊት ለፊት ተሟግተናል። ስንቴ እንደ ረታሁት አልዘረዝርም፤ መዝገብ ይናገራል።

ዛሬውኑ የእኔንም ወረቀት ውሰዱ ብዬ ለቤተ መዛግብቱ ደወልኩ። ይህንንም ደብተር ዛሬ ጀመርኩ። የኋላ ሰው የአንድ ጠበቃን አእምሮ ከውስጥ ማየት ይፈልግ ይሆናል።

ረቡዕ

የላኩልኝ አንዲት ልጅ ናት። የመምሪያ ኃላፊ ይመጣል ብዬ ከረባት አስሬ ነበር። ገና ከመቀመጧ ቦርሳዋን ከፍታ ነጭ የጨርቅ ጓንት አጠለቀች። ምሳዬን እላዩ ላይ እየበላሁ የሠራሁበትን ወረቀት ነው እንዲህ የተጠየፈችው! ማስታወሻ ልይዝ ብዕሬን ሳወጣ፦

«አባባ፣ ሰነድ አጠገብ ቀለም አንይዝም። የሚፈቀደው እርሳስ ብቻ ነው» ብላ ብዕሬን ከእጄ ተቀበለችኝ። በእርሳስ የሚጽፍ የሚናገረውን የማያምንበት ሰው ነው። «አባባ» የምትለኝም በየትኛው ዝምድናችን እንደሆነ አልገባኝም።

የፍርድ ቤት ፋይሎቼን አንፈልግም አለች። ግድግዳ ሙሉ ፋይል!

«ዋናው እኮ ፍርድ ቤት አለ። ደግሞ የደንበኞችዎ ምሥጢር ነው፣ ለአንባቢ አይከፈትም።»

«የዚያኛውስ ሰውዬ አርባ ካርቶን?»

«እሳቸው? አብዛኛው ለባለቤታቸው የጻፉት ደብዳቤ ነው።»

አርባ ካርቶን ለሚስት! አንድ ቤት እያደሩ ምን ብሎ ነው የሚጽፍላት? እኔ ለባለቤቴ አንድም ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ የምለው ካለኝ ማዕድ ቤት ድረስ ሄጄ እነግራት ነበር።

ልጅቷ ልትሄድ ስትነሳ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን አረንጓዴ ሣጥን አየችው። የቤት ጉዳይ ነው፣ ተዪው አልኳት። ከፈተችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ በአንድ እያነበበች ትስቅ ጀመር። «አባባ፣ እንደዚህ ያለ ነገር በሥራዬ አይቼ አላውቅም። ይሄን ነው የምንፈልገው።»

ሐሙስ

ለኋላ ሰው ላስረዳ። በቤቴ በጩኸት የሚገኝ ነገር አልነበረም። ልጆቼ የሚፈልጉት ነገር ሲኖር በመስመር ወረቀት ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ፍሬ ነገር፣ ጥያቄ፣ ምክንያት። ምክንያት የሌለው ማመልከቻ አይታይም። ወረቀቱን በሥራ ክፍሌ በር ሥር ያስገባሉ። እኔም ከግርጌው በቀይ ቀለም ውሳኔዬን ጽፌ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ የቀን ማኅተም መትቼ እመልሳለሁ፤ ከተነበበ በኋላ አረንጓዴው ሣጥን ይገባል። ቅር የተሰኘ ይግባኝ ይላል። ይግባኙም የሚቀርበው ለእኔው ነበር። ጎረቤት ይስቅብን ነበር፤ ጎረቤት ልጁን በጥፊ ነበር የሚዳኘው።

ቁጥር ዘጠኝ፣ የታናሿ ልጄ፣ ያኔ ገና ፊደል የጨረሰች፦ «ድመቷ ውጭ ብርድ ስለሚመታት ቤት ውስጥ እንድታድር። ምክንያት፦ እሷም እናት ናት።» ውሳኔ፦ «ታይቷል። በእንግድነት ትደር፤ ባለቤትነት ግን አይመሠረትላትም።» ድመቷ ስትሞት በእኔ ወንበር ላይ ነበረች።

የነገር አወጣጡ የልጅ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። እናታቸው ነበረች ጀርባ ሆና የምታስጽፋቸው። በችሎት ከገጠሙኝ ሁሉ የከበደችኝ እሷ ናት፤ የጥብቅና ፈቃድም አልነበራት።

ለማንኛውም ሣጥኑ ይሄዳል። ጉሮሮ ጠራጊው ሚስቱን ሲያባብል ይነበብ፤ እኔ ስዳኝ እነበባለሁ። አንድ ወረቀት ብቻ አውጥቻለሁ። የቤት ጉዳይ አይደለም፣ የሕክምና ጉዳይ ነው፤ ያለ ቦታው የገባ ነው።

ማክሰኞ

ቸኩያለሁ። ባለ ጓንቷ መጥታ ሄደች። የቤተ መዛግብቱ ኮሚቴ በወሩ መጨረሻ ይቀመጣል። እስከዚያ የጸሐፊዎቹ ፈቃድ መቅረብ አለበት።

«ወረቀቱ የእርስዎ ነው፣ ቃሉ ግን የጻፉት ሰዎች ነው» አለችኝ። ለእኔ!

ሕጉም እንዲያው ነው። ያናደደኝ እሱ ነው።

እሑድ

ታላቁ ልጄ መጣ። ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው ጉዳቱ ነው። የፈቃድ ወረቀቱን ሳያነብ ፈረመ። የኔ ልጅ ሳያነብ ፈረመ!

«እህትህንም አስፈርምልኝ።»

«እኔ? አይ አባባ። እሱን እርስዎና እሷ ጨርሱት።»

«የፊርማ ጉዳይ ነው እኮ።»

«የፊርማ ጉዳይ እንዳልሆነ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ» ብሎ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ላይ ያሽከረክር ጀመር። ለዚህ ልጅ ነው ብስክሌት የፈቀድኩለት።

ታናሿ የጥርስ ሐኪም ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ስታስከፍት ትውላለች፤ የራሷን አፍ ግን አባቷ ላይ ከዘጋች ዘጠኝ ዓመት አለፋት። ከእናቷ ቀብር ጀምሮ ማለት ነው። ምክንያቷን አውቀዋለሁ። አልቀበለውም።

ረቡዕ

ባለ ጓንቷ ወረቀቶቹን በተራ ስትደረድር ቆየችና፦

«ስልሳ አንድ… ስልሳ ሦስት። አባባ፣ ስልሳ ሁለት የለም።»

«የቁጥር ስሕተት ነው፤ ተዘልሎ ነው» አልኩ። እኔ! በሕይወቴ ቁጥር ዘልዬ የማላውቅ ሰው።

አላመነችኝም፤ ይህን ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያሻም። «ችግር የለም» ብላ ዝርዝሯ ላይ በእርሳስ «ቁ. 62፣ ጎደሎ» ብላ ጻፈች። ጎደሎ! የጉሮሮ ጠራጊው አርባ ካርቶን ሙሉ ተብሎ፣ የኔ ጎደሎ ተብሎ ለትውልድ ሊተላለፍ።

ስልሳ ሦስት የታላቁ ልጄ ናት፤ የመጨረሻዋ። ትልቅ ሰው ሆኖ፣ የቀልድ አስመስሎ ያስገባት፦ «የእናታችን ልብስ ከቁም ሣጥን እንዲወጣና ለሚለብሰው እንዲሰጥ።» ውሳኔ፦ «ታይቷል። ባለበት ይቆይ።» ልጅቷ እዚያች ላይ ስትደርስ አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችኝ። ሥራዋ ማንበብ ነው፣ ሰው ማየት ማን ጨመረላት?

ዓርብ

ሠራተኛዬን አፈ ጉባኤ ነው የምላት፤ ስብሰባ የምትመራ እንጂ ቤት የምትጠርግ አትመስልም። ዛሬ ማዕድ ቤት ሆና በስልክ ለእህቷ ስትተርክ በኮሪደር ሳልፍ ሰማሁ።

«…እሱማ መኝታ ቤቱን በየሳምንቱ አናፍሰዋለሁ፣ ጋሼ ግን አይገቡበትም። ሶፋ ላይ ነው የሚተኙት፣ የሥራ ክፍላቸው። … እኔ ምን አውቄ? ሆስፒታልም አንዴ ነው የሄዱት አሉ።»

ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ አይደለም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሶፋው ለወገብ ጥሩ ነው። መኝታ ቤቱ እርጥበት አለው።

ሰኞ

ባለ ጓንቷ ሳትነግረኝ ለታናሿ ደውላለች። ሥራዬ ነው አለች። መልሱን በእርጋታ ነገረችኝ፦ ስልሳ ሁለት ካለ ትፈርማለች፤ ከሌለ የሷ የሆነ አንድም ወረቀት አይወጣም። የድመቷም ቢሆን።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ አለ ያገሬ ሰው። እሷ ግን ከሥሩ ሳይሆን ከቁስሉ ነው የጀመረችው።

ሰኞ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሕክምናውን ወረቀት ከካፖርቴ ኪስ አውጥቼ አየሁት።

ሁኔታውን ላስቀምጥ። ባለቤቴ ሆስፒታል ነበረች። የጎበጠ አልጋ፣ ወደ ግድግዳ የዞረ መስኮት። ቤቴ ውሰዱኝ ትል ነበር፣ በራሴ መስኮት በኩል ልይ ትል ነበር። የታመመ ሰው ብዙ ይላል። እኔ የሥራ ክፍሌ ነበርኩ፤ ሥራ ነበረኝ፤ በሩን ቆልፌ ነበር የምሠራው። ታናሿ አንኳኳች። ትልቅ ሴት ናት፣ የሰው ጥርስ የምትነቅል። አልከፈትኩም። ትንሽ ቆይቶ ወረቀት በበር ሥር ገባ። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ እንደ ድሮዋ፣ በመስመር ወረቀት! ቀልድ መሰለኝ። በደንቡ ወሰንኩ፣ ማኅተም መታሁ፣ በበር ሥር መለስኩ። ቆማ ስታነብ ጫማዋ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ጫማው ሄደ፤ ወረቀቱ እዚያው ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ አረፈች።

ያልተፈቀደ ማመልከቻ ያለ ነገር ነው። ችሎት ሁሉን አይፈቅድም። ይግባኝ ማለት ትችል ነበር፤ አላለችም። ደንበኞቼን ሁልጊዜ የምላቸው ይህንኑ ነው፦ ይግባኝ ያልተባለበት ውሳኔ የመጨረሻ ነው።

ሐሙስ

ደብዳቤ ለታናሿ። የመጀመሪያውን ረቂቅ አንቀጽ ጠቅሼ ጻፍኩት፣ ቀደድኩት። ሁለተኛውን «ውድ ልጄ» ብዬ ጀመርኩ። «ውድ» የሚለውን ሰረዝኩ፤ ማስረጃ የማላቀርብበት ነገር ነው። «ልጄ» ብቻውን ቀረ። ከሱ በኋላ የሚጻፍ ጠፋኝ። ለሰው ሁሉ ቃል ስሸጥ ኖሬ!

ጉሮሮ ጠራጊው ቢሆን ይሄኔ ሦስት ካርቶን ሞልቶ ነበር።

ቅዳሜ

አፈ ጉባኤዋን የመስመር ወረቀት ግዢ ብዬ ላክኋት። «ለማን ነው ጋሼ? ለልጅ ልጅ?» አለች።

ደንብ ከፈለገች ደንብ ትውሰድ። ጻፍኩ፦

«ለክብርት ልጄ። አመልካች፦ አባት። ጥያቄ፦ ከቁጥር አንድ እስከ ስልሳ ሦስት ያሉት ወረቀቶች፣ ስልሳ ሁለትም ጭምር፣ ለቤተ መዛግብት እንዲሰጡ ይፈቀድልኝ። ምክንያት፦ ለትውልድ።»

ለሠራተኛዋ ሰጥቼ፣ ክሊኒኳ ሄደሽ በበር ሥር አስገቢው አልኳት። ለማላገጥ ነው። አፈ ጉባኤዋ አልሳቀችም።

ማክሰኞ

ወረቀቱ ተመለሰ። ከግርጌው በቀይ ቀለም፣ የኔኑ እጅ በሚመስል ጽሕፈት፦

«ታይቷል። ምክንያቱ በቂ አይደለም። አመልካች በአካል ቀርበው ያስረዱ። ሐሙስ፣ ከመጨረሻው ታካሚ በኋላ።»

ጉድለቱ ብዙ ነው። ማኅተም የለውም። «ከመጨረሻው ታካሚ በኋላ» የሚባል ሰዓት የለም። ስልጣኗም ያከራክራል፤ ልጅ በአባት ላይ በየትኛው ሕግ ትዳኛለች? ግን «በቂ አይደለም» የሚለው አጻጻፍ ጥሩ ነው። አጭር ነው። ከእኔ የተማረችው ነው።

ረቡዕ

ሸሚዝ አስተኮስኩ። ለኮሚቴው ነው አልኳት ለአፈ ጉባኤዋ። «የኮሚቴው ክሊኒክ የት ነው ጋሼ?» አለችኝ።

ሐሙስ

ሄድኩ።

የታካሚ መጠበቂያው ጠባብ ነው፤ የፕላስቲክ ወንበር፣ ያረጀ መጽሔት፣ የመድኃኒት ሽታ። ጉንጯ ያበጠ ሴትዮ «የቱ ጥርስዎ ነው አባት?» አለችኝ። ቀጠሮ ነው እንጂ ጥርስ አይደለም አልኳት። «ሁላችንም ቀጠሮ ነው» ብላ ጉንጯን ያዘች። ሰው ሲታመም ፈላስፋ ይሆናል። እሷም ገብታ ወጣች። ብቻዬን ቀረሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ተጠርቶ የሚገባ ሰው መሆን አልወድም።

«ይግቡ» አለ ድምፅ።

ጠጉሯ ሸብቷል። ማንም አልነገረኝም። እሷም ጓንት አድርጋለች፤ ዘንድሮ ሴት ሁሉ በጓንት ነው የሚቀርበኝ። ስታየኝ ግን አወለቀችው።

ከታካሚው ወንበር ሌላ ወንበር አልነበረም። ተቀመጥኩበት። ወንበሩ ወደ ኋላ ሊያስተኛኝ ሲል የእጅ መደገፊያውን አንቄ ቀጥ አልኩ። መብራቱን ከፊቴ ላይ ዘወር አደረገችልኝ።

«ይዘውታል?»

ከውስጥ ኪሴ አወጣሁት። ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችው፣ እንደ ችሎት ጸሐፊ፣ ያለ ስሜት። «እናቴ ወደ ቤቷ ተመልሳ በራሷ ክፍል፣ በመስኮቷ አጠገብ እንድትተኛ። ምክንያት፦ ስለ ጠየቀች። ውሳኔ፦ ታይቷል። ከሐኪሙ አስተያየት ጋር ስለሚቃረን ተቀባይነት የለውም።»

አጣጠፈችው።

«ሐኪሙ ያለውን አስታውሳለሁ አባባ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከዚህ በኋላ እንደ ቤተሰቡ ፍላጎት ነው ያለው። ለእርስዎም ነግሬዎት ነበር፣ ከበሩ ውጭ ሆኜ።»

በዚህ ነጥብ ላይ መከራከሪያ የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም።

«ይግባኝ አላልኩም ነበር» አለች። «ልጽፍ ባዶ ወረቀት ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። እናቴ ግን አልጠበቀችም። አሁን ልበል?»

«ጊዜው አልፏል።» ከአፌ የወጣው ይሄ ነው። ለዚህ አፍ ነው ሰዎች ቤታቸውን ሸጠው ሲከፍሉ የኖሩት።

«በደንቡ የጊዜ ገደብ የለም» አለች።

እውነቷን ነው። አላስቀመጥኩም።

«እንግዲያው ይግባኝ ብያለሁ። ለምን አባባ?»

ሐኪሙ አልኩ። አንገቷን ነቀነቀች። እርጥበቱ አልኩ። ባለ ጓንቷ ባየችኝ ዓይን አየችኝ። ከዚያ ሌላ ነገር ተናገርኩ። ረጅም አልነበረም። የተናገርኩትን እዚህ አልጽፍም። የኋላ ሰው የራሱን አባት ይጠይቅ።

ስጨርስ ውኃ በዚያች የአፍ መጉመጥመጫ ብርጭቆ ሰጠችኝ። እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች፣ ወይም ወንበሩን እያስተካከለች ነበር፣ አልለየሁም። የፈቃዱን ወረቀት ፈረመችና ስልሳ ሁለትን መለሰችልኝ። «ውሳኔውን ይዘው ይምጡ» አለችኝ። ታክሲ ጠርታ እስኪመጣ ከጎኔ ቆመች።

ቤት ስገባ የሥራ ክፍሌን አልፌ መኝታ ቤት ገባሁ። እርጥበት የሚባል ነገር የለውም። መስኮቱ ከአልጋው በኩል ሲታይ የጎረቤት ጣሪያ፣ የልብስ ማስጫ ገመድና ግማሽ ዛፍ ነው። ይህችን ለማየት ነበር የለመነችው። ይህችን ነው የከለከልኳት። ተንገሸገሽኩ፤ በሰው ስንገሸገሽ ኖሬያለሁ፣ በራሴ ግን እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ዓርብ

ባለ ጓንቷ ሣጥኑን ልትወስድ መጣች። ስልሳ ሁለትን ሰጠኋት። አየችውና ጮኸች፦

«አባባ! በቀለም!»

ሌሊት ነው የጻፍኩት። ከድሮው ውሳኔ ሥር፣ በቀይ፦ «ይግባኙ ተሰምቷል። የቀድሞው ውሳኔ ተሽሯል። እናት ወደ ቤቷ ትምጣ።» ማኅተምም መትቻለሁ፤ የትናንት ቀን ነው። እንዲህ ያለውን ፍርድ በሙያችን እንስቅበታለን። አፈጻጸም የለውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ጉሮሮ ጠራጊው ቢያየው ጉሮሮውን ሳይጠርግ ይስቅ ነበር።

«ሰነድ ላይ እኮ አይጻፍም ብዬ…» ብላ ጀመረችና ማንበቧን ቀጠለች። ሁለቴ ነው ያነበበችው። ለልጄ ሳላሳያት እንዳትወስጂው፣ ውሳኔውን ማየት አለባት አልኳት። «መንገዴ ነው፣ አብረን ሄደን እናሳያታለን» አለች። ጓንቷን ማጥለቅ ረሳች፤ በባዶ እጇ ስልሳ አንድና ስልሳ ሦስት መካከል አስገባችው።

ከዚያ ዝርዝሯን አወጣች። «ጎደሎ» ብላ በእርሳስ የጻፈችውን በላጲስ አጠፋችው፤ ብናኙን እፍ አለችው። ምልክቱ እንኳ አልቀረም። ለካ እርሳስ የሚወዱት ለዚህ ነው።

የኔ ቀይ ውሳኔዎች ግን ሁለቱም እዚያው ናቸው፣ የድሮውም የትናንቱም፣ አንዱ ካንዱ ሥር። ካፖርቴን ለበስኩና ተከተልኳት።